ክለቡ ከሄደ በኋላ ጣሪያው ያፈሳል ወይ? የደሴ አረጋውያን ቤቶች ጉብኝት ሲመዘን

አንድ ጉብኝት ጥሩ ነበር የሚባለው ክለቡ በሄደ በወሩ ጣሪያው ሳያፈስ፣ የሽንት ቤቱ መደገፊያ ሳይነቀል፣ የተሰጠው ዱቄት ሳይሻግት ሲገኝ ነው። በደሴ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን አረጋውያን መኖሪያ የሚጎበኙ የአገልግሎት ክለቦችን ሥራ የመዘንነው በዚህ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1905 እና በ1917 ቺካጎ ላይ ተጀምረው ዓለምን ያዳረሱት የሮታሪና የላየንስ ዓይነት ክለቦች አሉ፤ የመሥሪያ ቤት፣ የዩኒቨርሲቲና የሰፈር ወጣቶች ክበቦችም አሉ። ስማቸው ይለያይ እንጂ ቀኑ ይመሳሰላል፦ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ባነር ይሰቀላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ማዕድ ይጋራል፣ ደም ግፊት ይለካል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ሰባት ሰዓት ሲሆን ግቢው ጭር ይላል።

ነጥብ ስጡ ከተባልን፣ ቤት ጥገና ላይ የሚያተኩረው ጉብኝት ከአምስት 4፣ ጤና ምርመራው 3፣ ማዕድ ማጋራቱ 2 ያገኛል። ቤቱ ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን፤ ገንዘቡ የሚሠራውም የሚባክነውም እዚያ ነው።

ቤቶቹ

ደሴ ላይ ጧሪ የሌላቸው ብዙ አረጋውያን የሚኖሩት በቀበሌ ቤት ወይም በጎ አድራጊ አንድ ግቢ ውስጥ በተርታ ባሠራቸው ክፍሎች ነው። የቀበሌ ቤት ታሪክ የቤቱን ጥራት ያስረዳል። ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ኪራያቸው ዝቅ ያለውን፣ በወር እስከ 100 ብር የነበሩትን፣ ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑትን ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሰጠ። ስለዚህ ቀበሌ እጅ የገባው ገና ሲወረስም ርካሽ የነበረው፣ የጭቃና የእንጨት ቤት ነው። ኪራዩ ትንሽ መሆኑ ለአረጋዊ ይመቻል፤ ግን ትንሽ ኪራይ ቆርቆሮ አይገዛም። የነቀዘ ወጋግራና የዛገ ክዳን የሚጠብቃችሁ ለዚህ ነው።

በዚህ ላይ የደሴን አቀማመጥ ጨምሩበት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ተንጠልጥላ ነው ያለችው። ክረምት የላይኛውን ሰፈር ጎርፍ በታችኛው ሰፈር ጓሮ ያሳልፋል፤ የመሬት መንሸራተትም የቆየ ችግሯ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ዝናብ ከላይ፣ ጎርፍ ከጓሮ፣ ብርድ በሌሊት፦ ጉብኝቱ ከእነዚህ አንዱን እንኳ ካላስቀረ ገና አልተጀመረም።

የጉብኝቱ ትልቁ ጉድለት የወር አመራረጡ ነው። ክለቦች የሚመጡት በዓል ሲደርስ ነው፤ እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካ፣ ዒድ፣ ወይም የዓለም አረጋውያን ቀን የሚውልበት መስከረም 21። ቤት ለማደስ ደግሞ በክረምት በጎ ፈቃድ ስም ሐምሌ ላይ ይመጣሉ። ሐምሌ ላይ ጣሪያ መክፈት ግድግዳውን ለዝናብ አሳልፎ መስጠት ነው። ምርጊት ለመድረቅ ፀሐይና ነፋስ ይፈልጋል፤ በሐምሌ የተመረገ ግድግዳ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይሆናል፣ ቀለም ሲቀባበት ይነፋል፣ መስከረም ሳይጋመስ ይረግፋል። ተማሪ የሚያርፈው በክረምት ነው፣ ጉልበት የሚገኘው ያኔ ነው ይባላል። እውነት ነው። እንግዲያው ጣሪያና ግድግዳ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ደረቅ ወቅት፣ ወይም በልጉ መለስ ሲል ግንቦት ላይ ይሠራ፤ ለክረምቱ ጉልበት ቦይ ማጽዳት፣ ኮርኒስ መስፋት፣ አልጋና በር መጠገን ይቀመጥለት።

ቅድመ ጉብኝት

ከቀኑ ሦስት ሳምንት በፊት ሜትርና ደብተር የያዙ ሁለት ሰዎች መሄድ አለባቸው። ብዙ ክለብ ይህን ይዘልና ስንት ሰው እንዳለ በስልክ ይጠይቃል። በስልክ የሚነገረው የሰው ቁጥር ነው፤ አልጋ ላይ የዋለው ሰው ስንት እንደሆነ ማንም አይናገርም። ጉብኝቱ ግቢው መሐል ወንበር ተደርድሮ ስለሚካሄድ፣ መነሣት የማይችሉት አረጋውያን ዱቄቱንም ምርመራውንም ያጣሉ። በጣም የሚያስፈልጋቸው እነሱ ሆነው ሳለ ስማቸው መጨረሻ ላይ «ለእገሌም ይቀመጥላት» ተብሎ ይነሣል።

በደብተሩ ላይ የሚሰፍረው ይህ ነው፦ የቤት ቁጥር፣ የክፍሉ ርዝመትና ወርድ፣ የዛገና የተቀደደ ቆርቆሮ ብዛት፣ የበር ስፋት፣ የደፉ ከፍታ፣ ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ያለው ርቀት፣ ውሃ ከየት እንደሚቀዳና ማን እንደሚቀዳ፣ ማን እንጀራ እንደሚጋግር፣ የሚወሰድ መድኃኒት፣ ጥርስ አለ ወይስ የለም። የመጨረሻው ቀልድ አይደለም፤ ቆሎና ደረቅ ዳቦ ይዘው የመጡ ሰዎች ለምን እንዳልተበላ የሚያውቁት ሲመለሱ ነው።

የአጠራሩም ነገር አለ። «አባባ» እና «እማማ» ለሁሉም ይሆናል፤ ዕድሜ ልካቸውን ሼህ ወይም መሪጌታ ሲባሉ ለኖሩ ሰው ግን ያ ስም ከነማዕርጉ በደብተሩ ይጻፍ። በማይክራፎን ስም የሚጠራው ወጣት ቢያንስ ይህን አይሳት።

የቀበሌ ቤት ከሆነ ደብዳቤ ሳይያዝ ምስማር አይነቀልም። ባለቤቱ አስተዳደሩ ስለሆነ የሚፈርሰውና የሚሠራው በጽሑፍ ይፈቀድ፤ የቤቱ ቁጥርና ልኬቱ ደብዳቤው ላይ ይስፈር። «አንድ ሜትር ብናሰፋላቸውስ» የሚለው ደግነት ከጎረቤት ጋር ድንበር ያጣላል፣ ሥራውም ግማሽ ላይ ይቆማል። በነበረው መሠረት ላይ መሥራት ይሻላል። የኪራይ ውሉ በማን ስም እንዳለም ይታይ፤ ውሉ በሟች ባል ስም ከሆነ ቤቱ ከመታደሱ በፊት ወደ እናትየዋ ስም ቢዞር ኋላ የሚመጣ ጣጣ ይቀንሳል። ቤቱ ሲያምር ያልነበረ ዘመድ ብቅ ማለቱ የታወቀ ነው።

ጣሪያ

አንድ ክለብ አንድ ነገር ብቻ ይሥራ ቢባል ጣሪያውን እንመርጣለን። ልኩን በምሳሌ እንየው። ክፍሉ 4 በ5 ሜትር ቢሆን፣ ቆርቆሮው በየአቅጣጫው 60 ሳንቲ ሜትር መውጣት አለበት፤ የጭቃ ግድግዳን የሚበላው ከላይ የሚዘንበው ሳይሆን ከክዳኑ ወርዶ መሬት ላይ የሚፈናጠረው ውሃ ነው። ስለዚህ የሚሸፈነው 5.2 በ6.2 ሜትር፣ 32 ካሬ ገደማ ነው። ለተዳፋቱ አንድ አሥረኛ ስንጨምር 35 ተኩል ይሆናል። ባለ 2 ሜትር ቆርቆሮ በጎን አንድ ተኩል እጥፋት፣ በጫፍ 20 ሳንቲ ሜትር ተደራርቦ ሲመታ በተጨባጭ የሚሸፍነው 1.4 ካሬ ያህል ነው። 25 ወይም 26 ቆርቆሮ ይበቃል፤ ለሚበላሸው 2 ጨምሩ። ሁለቱ ክንፎች የሚገናኙበትን አናት የሚሸፍነው ቆርቆሮ ለብቻው ይገዛል፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው፣ መጀመሪያ የሚያፈሰውም እዚያው ላይ ነው።

ጌጁን፣ የቆርቆሮውን ውፍረት የሚገልጸውን ቁጥር፣ እወቁ። ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፦ ባለ 35 ከባለ 32 ይሳሳል፣ ባለ 32 ከባለ 28 ይሳሳል። በልገሳ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ 35 ነው፤ ርካሽ ነው፣ ግን ሰው ሲረግጠው ይጎብጣል፣ ነፋስ ከምስማሩ ሥር ይቀደዋል። ብሩ ለ10 ቤት በባለ 35 የሚበቃ ከሆነ ለ7 ቤት በባለ 32 መሥራት የተሻለ ይመስለናል። ለሪፖርት 10 ያምራል፣ እሱን እናውቃለን።

ምስማሩ ጎማ ያለው የቆርቆሮ ምስማር ሆኖ፣ የሚመታው በእጥፋቱ ጉብታ ላይ ነው፤ ጉድጓዱ ላይ ከተመታ ውሃ የሚሄድበትን መንገድ መብሳት ነው። ለአንድ ቆርቆሮ ከ8 እስከ 10 ምስማር ይቆጠር። በጎ ፈቃደኛ ወጣት ቸኩሎ ሲመታ ጎማውን ያደቅቀዋል፤ የደቀቀ ጎማ በሁለተኛው ክረምት ይሰነጠቃል። ጣሪያ ላይ አንድ አናጺ ተከፍሎት ይውጣ፣ ወጣቶቹ ከታች ያቀብሉ። ቆርቆሮው የሚመታበት እንጨት፣ ሞራሌው፣ በየ90 ሳንቲ ሜትሩ ይደርደር፤ የነቀዘው ድሮ እንጨት ላይ አዲስ ቆርቆሮ መምታት ምስማሩን የሚይዘው ስለሌለ ትርፉ ድካም ነው። የድሮው ቆርቆሮ አይጣል፤ ደህናው ለማድ ቤት ክዳን ይሆናል።

ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ያስፈልጋል። ደሴ ላይ ባዶ ቆርቆሮ ሌሊት ይቀዘቅዝና የክፍሉ እርጥበት እዚያ ላይ ውሃ ሆኖ ንጋት ላይ አልጋው ላይ ይንጠባጠባል፤ ብዙዎች ጣሪያው አፈሰሰ የሚሉት ይኼንኑ ነው። የታጠበ የማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ ቢወጠር እንኳ ለውጡ ይታያል። ዋጋው ከባነሩ አይበልጥም።

አሸንዳ መግጠም ከተቻለ ጥሩ፤ ካልተቻለ ውሃው በሚወርድበት ሥር ድንጋይ ይነጠፍ። ከቤቱ በላይ በኩል፣ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር ርቆ፣ ጎርፉን ወደ ጎን የሚመልስ ቦይ ይቆፈር። ቦዩ የት እንደሚያልቅ ሳታዩ አትቆፍሩ፤ የአንዷን ጎርፍ ወደ ሌላዋ ጓሮ የመለሰ ቦይ ከክለቡ መኪና ቀድሞ ቀበሌ ይደርሳል።

ግድግዳ ላይ አጠር እናድርገው። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ሰንብቶ ይመረግ፤ በዕለቱ ተቦክቶ በዕለቱ የተመረገ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ስንጥቁ ከታየ በኋላ ሁለተኛው ይደገማል። ስለዚህ ግድግዳ የአንድ ቀን ጉብኝት ሥራ አይደለም፣ ሁለት ምልልስ ይጠይቃል። በጭቃ ላይ ሲሚንቶ መለሰን የሚወድ ክለብ ሽቦ ወንፊት ሳይመታበት ከሆነ በሁለት ክረምት ውስጥ ልስኑ እንደ ቅርፊት ተልጦ ያገኘዋል።

ሽንት ቤትና መንገዱ

አረጋዊ የሚወድቀው ሽንት ቤት ሲሄድ ወይም ሲነሣ ነው፤ ይልቁንም ማታ። የተለመደው ጉብኝት ግን ከግቢው መሐል አልፎ ሽንት ቤቱን አያይም። መቀመጥና መነሣት ላቃተው ሰው ቀላሉ መፍትሔ መሐሉ የተቀደደ፣ ከፍታው 45 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ጠንካራ የእንጨት ወይም የብረት ወንበር በጉድጓዱ ላይ ማቆም ነው። የሰፈር ብየዳ ቤት ይሠራዋል። አራቱ እግሮቹ ሥር ጎማ ይግባ፤ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ብረት ይንሸራተታል።

መደገፊያው ብረት ጭቃ ግድግዳ ላይ በምስማር ከተመታ አትቁጠሩት። የሚይዘው ሲጠፋ ሰውየውን ይዞ ይወድቃል፣ ባይኖር ይሻል ነበር። መሬት ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ገብቶ በሲሚንቶ የተደፈነ ቋሚ ብረት ላይ ተበይዶ፣ ከመሬት 85 እስከ 95 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይሁን።

ደፍን በተዳፋት መተካት ሲታሰብ ሒሳቡ ይሠራ። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመከረው ለ1 ከፍታ 12 ርዝመት ነው፤ 30 ሳንቲ ሜትር ደፍ 3 ሜትር ከ60 ተዳፋት ይጠይቃል። የደሴ ጠባብ ጓሮ ብዙ ጊዜ ያን አይሰጥም። ቦታ ከሌለ ሁለት ዝቅ ያሉ ሰፋፊ ደረጃዎችና አንድ መደገፊያ ይሻላል፤ አጭርና ቀጥ ያለ ተዳፋት በክረምት መንሸራተቻ ነው።

ከዚሁ ጋር ስለ ተሽከርካሪ ወንበር አንድ ነገር እንበል። በፎቶ ከሁሉም በላይ ያምራል፣ በደሴ ዳገትና ኮብልስቶን ላይ ግን ገፊ ከሌለው አይሄድም። በራቸው 70 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቤቶች አያስገቡትም። ተለክቶለት፣ ገፊ ኖሮት ለሚፈልገው ሰው ይሰጥ። ለቀሩት ጫፉ ጎማ ያለው ምርኩዝ፣ ከነመቀየሪያ ጎማው ሁለት ሁለት፣ ብዙ ይጠቅማል። ጎማው ያለቀ ምርኩዝ ከነጭራሹ ያዳልጣል። ምርኩዙ ተይዞ ሲቆም መያዣው የእጅ አንጓ ላይ መድረስ አለበት፤ ባለ አንድ ልክ አምጥቶ ማደል አይሆንም።

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ የሚሰጡ ክለቦች አሉ፤ መልካም ስጦታ ነው። አንድ ሺህ ሊትር የያዘ ሮቶ አንድ ቶን እንደሚመዝን ግን ይረሳል። በእንጨት ቆጥ ላይ አይቀመጥ፤ በድንጋይና ሲሚንቶ መደብ ላይ፣ ቧንቧው ጀሪካን በሚያስገባ ከፍታ ላይ ይሁን። ጀሪካኑም ባለ 20 ሊትር ሳይሆን ባለ 5 ይሁን። የ75 ዓመት እናት 20 ኪሎ ከምድር አታነሣም።

ብርድ

አልጋ ላይ የሚሳሳተው ከፍታው ነው። 45 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ፍራሹን ጨምሮ ይበቃል፤ ሲቀመጡ እግር መሬት መንካት አለበት። ስስ ስፖንጅ በወራት ውስጥ ይተኛል፣ ጣውላው አጥንት ይነካል። ፍራሹ በላስቲክ ይሸፈን፤ ሽንት የማይቆጣጠሩ አረጋውያን አሉና ያለ ላስቲክ የተሰጠ ፍራሽ ዕድሜ የለውም። ያገለገለ ፍራሽ ግን አታምጡ፤ ትኋን አብሮ ይገባል፣ በተርታ በተሠሩ ክፍሎች ውስጥ ደግሞ ከግድግዳ ግድግዳ ይሻገራል። ያገለገለ ልብስ ታጥቦና ፀሐይ ተመትቶ ይምጣ።

ከብርድ ልብስ ጋር ከሰል የሚያድሉ ክለቦች ማስጠንቀቂያውን አብረው ያድሉ። ከሰል ያለበት ምድጃ በዝግ ክፍል ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታ የለውም፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ውጭ ተቀጣጥሎ ቢገባ እንኳ ጋዙ አይቀርም፤ ሰው ሲተኛ ምድጃው ከቤት ይውጣ። የሞቀ ውሃ በደንብ በሚከደን ላስቲክ ከረጢት ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ እግር ሥር ቢደረግ ይሻላል። ካልሲና ጋቢ ደግሞ ምንም ማስጠንቀቂያ አይፈልጉም።

ማዕድ

2 ነጥብ የሰጠነው ምግቡን ንቀን አይደለም፤ ሒሳቡ ስለማይሠራ ነው። ለአንድ አረጋዊ በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ወይም ዱቄት፣ 60 ግራም ምስር ወይም ሽሮ፣ 30 ሚሊ ሊትር ዘይት ብንቆጥር፣ ለ24 ሰው ግቢ በወር 3 ኩንታል ከ60 ኪሎ እህል፣ 43 ኪሎ ጥራጥሬ፣ 22 ሊትር ያህል ዘይት ያስፈልጋል። የተለመደው ስጦታ ለየሰው 25 ኪሎ ዱቄትና 5 ሊትር ዘይት ነው። ዱቄቱ ለ50 ቀን፣ ዘይቱ ከ5 ወር በላይ ይበቃል፤ ጥራጥሬ ግን የለም። ዘይቱ ተከፍቶ ይሰነብትና ይሸታል ወይም ይሸጣል። ይህን ያየ ሰው «ሸጡት» ብሎ ይወቅሳል፤ አንድ ሰው አምስት ወር የማይጨርሰውን ሸጦ ሽሮና ማገዶ ቢገዛ ምን ነውር አለው? ባለ 1 ሊትር ዘይት፣ 10 ኪሎ ዱቄት፣ 2 ኪሎ ሽሮ ሆኖ በየሁለት ሳምንቱ ወይም በየወሩ ቢደርስ ይኸው ብር በልኩ ይበላል።

ዱቄቱ ማን ይጋግረው? የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ብዙ ክፍል በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት ግቢ ሁለት ምጣድ ከተሰካ ፊውዙ ይሄዳል። ግቢው አጠገብ ካለች እንጀራ ጋጋሪ ጋር ዱቄት ሰጥቶ፣ የጉልበቷን ከፍሎ፣ በሳምንት ሁለት ቀን እንጀራ እንድታደርስ መስማማት ከዱቄት እደላ ይበልጣል። እህል መስጠት ከተፈለገ ጤፍ ነቀዝ አይበላውምና ይቆያል፤ የወፍጮው ግን አብሮ ይከፈል። መኮሮኒና ፓስታ ለክለቡ ይቀላል፣ ለአረጋውያኑ ግን የማያውቁት ምግብ ነው፤ አጃ፣ በሶ፣ ለገንፎና ለአጥሚት የሚሆን ዱቄት ይሻላል።

ሥጋ ይዘው የሚመጡ ክለቦች ወሎ መሆናቸውን አይርሱ። እዚህ አንድ ጓሮ ውስጥ ሁለት ድስት ይጣዳል፦ የእስላም ሥጋ የክርስቲያን ሥጋ ለየብቻው ይታረዳል፣ በየራሱ ቢላዋና ድስት ይሠራል። ይህን አቀናብሮ ማቅረብ ካልተቻለ ሥጋው ይቅርና በዘይት የተሠራ ምስርና ሽሮ ይቅረብ፤ ረቡዕም ዓርብም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ትሪ ይበላል። በረመዳን የተሠራ ምሳ ይዞ መምጣት ግማሹን ግቢ ባዶ ሆድ ተመልካች ያደርጋል፤ ያኔ ለማፍጠሪያ ይድረስ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ደግሞ ወተትና እንቁላል ለሌላኛው ግማሽ አይሆንም።

ምርመራው

ጤና ምርመራው 3 ያገኘው የሚሠሩት ሰዎች ብዙ ጊዜ ነርሶችና የጤና ተማሪዎች ስለሆኑ ነው፤ አለካኩ ግን ይበላሻል። ቡና ተፈልቶ አቦሉ ተጠጥቶ ወዲያው ግፊት ይለካል። ቡናው ከልኬቱ በኋላ ይሁን፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ልዩነት ያስፈልጋል። ሰውየው 5 ደቂቃ ዐርፎ፣ ጀርባው ተደግፎ፣ እግሩ መሬት ነክቶ፣ ክንዱ በልብ ልክ ላይ ሆኖ፣ ሽንቱን ሸንቶ ይለካ። የደሴ ብርድ ሰውን በሹራብ ላይ ሹራብ ያስለብሳል፤ መለኪያው በሹራብ ላይ ከታሰረ ቁጥሩ ይዛባል። ክንድ ይገለጥ፣ ሁለት ጊዜ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ይለካ። ከ140 በ90 በላይ ከሆነ ሌላ ቀን ይደገም፤ ከ180 በ120 በላይ ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ለዚህ የባጃጅ ብር ከጠዋቱ ጀምሮ ይቀመጥ።

የስኳር ምርመራ ተበልቶ ወይስ ሳይበላ እንደተለካ ካልተጻፈ ትርጉም የለውም። ሳይበላ 126 የሆነና ከምሳ በኋላ 126 የሆነ ሰው አንድ አይደሉም። ውጤቱ በክለቡ ዝርዝር ላይ ብቻ ሳይሆን በአረጋዊው ካርድ ላይ፣ ከነቀኑና ከሚወስዱት መድኃኒት ጋር ይጻፍ፤ ክለቡ ዝርዝሩን ይዞ ሲሄድ ምርመራውም አብሮ ይሄዳልና።

የማንበቢያ መነጽር በጅምላ ከፕላስ 1 እስከ ፕላስ 3.50 ይመጣል። በሙከራ ይሰጥ፦ መጽሐፍ ወይም መርፌና ክር በእጅ አስይዞ። ሞራ ለጋረደው ዓይን መነጽር አይረዳም፤ እንዲህ ያለውን ለይቶ የዓይን ሕክምና ወደሚሰጠው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል መላክ፣ ትራንስፖርቱንና አጃቢውን መሸፈን ነው ሥራው። በትራኮማ ምክንያት ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ በወረንጦ እየነቀሉ የሚኖሩ እናቶችም አሉ፤ ይህ በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚስተካከል ነው።

ክለቡ ለጤና የመደበው ብር ትንሽ ከሆነ ግን መለኪያ ከመግዛት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን መዋጮ ይክፈል። እጅግ ድሃ ተብለው መንግሥት የሚሸፍንላቸው አሉ፤ ከዚያ ዝርዝር የቀሩትን ከቀበሌው ጋር ለይቶ ዓመቱን መክፈልና የእድሳቱን ጊዜ በክለቡ የቀን መቁጠሪያ ላይ ማስፈር ከአምስት 5 የምንሰጠው ብቸኛው ነገር ነው።

ንግግሩ

አረጋውያኑ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፣ እንግዳው ሦስት ሰዓት ተኩል ይደርሳል፣ ንግግሩ አምስት ሰዓት ይደርሳል። በርጩማ ላይ አራት ሰዓት መቀመጥ ለወጣትም አይመችም። ወንበር መደገፊያ ይኑረው፣ ጥላ ይኑር፣ መሐል ላይ ሽንት ቤት የሚወስድ ሰው ይመደብ። ንግግር አሥር ደቂቃ፤ ቀሪው ለምርቃት ይተው። የወሎ አረጋዊ ሲመርቅ አያቋርጡትም፣ አሚን እያሉ ይቀመጣሉ። ፎቶ ዱቄት ሲሰጥ አይነሣ፤ ተቀባዩ ፈቅዶ ከተነሣም ታትሞ ይምጣለት፣ ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል።

ክለቡ ከሄደ በኋላ ቤቱን የምታይ የጎረቤት ሴት አለች፤ የሰፈሩ ቅሬም (እድር) አለ። የተረፈው ምስማር፣ የሮቶው ቧንቧ መለዋወጫ፣ የአናጺውና የነርሷ ስልክ ለቅሬው ይሰጥ። ቅሬ ሲሞቱ ብቻ የሚመጣ ይመስላቸዋል ከሌላ የመጡ ሰዎች።

ኮምቦልቻ ላይ

ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል፣ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ሲሉ ሒሳቡ ይለወጣል። ለደሴ የተገዛ ወፍራም ብርድ ልብስ እዚያ ሻንጣ ውስጥ ይከርማል። ኮርኒሱ እዚያም ያስፈልጋል፣ ግን ለሙቀቱ፤ መስኮትም ሁለት፣ ፊት ለፊት ሆነው አየር የሚያሳልፉ። ኮምቦልቻ የወባ ትንኝ ይደርስባታልና አጎበር እዚያ ይሂድ፤ ደሴ ላይ የታደለ አጎበር ጓሮ የጎመን አጥር ሆኖ ይገኛል። አጎበሩ ሲሰቀል ጠርዙ ፍራሽ ሥር መግባት አለበት፤ ጎንበስ ብሎ ማስገባት የማይችል ሰው ካለ ግን መሬት እስኪነካ ረዝሞ ይንጠልጠል። መስቀያው ምስማር ጣሪያው ላይ አራት ነው፤ በጉብኝቱ ቀን ተመትቶ፣ አጎበሩ ተሰቅሎ፣ ሰውየው ገብቶ ወጥቶበት ይታይ።